ለእናቴ «አምናለሁ» ብዬ ልዋሻት?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎች ይዣለሁ። የመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ይወስዳል። ሌሎቹ ሁለት ጠያቂዎች ቅር እንዳይላቸው እለምናለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከእናቴ ጋር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፤ ፊዚክስ ነው የማጠናው። እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ለብቻዋ ነው ያሳደገችኝ። ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የምመታው እኔ ነበርኩ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ለጸሎት ስቆም ከግድግዳ ጋር የማወራ ይመስለኛል። ስለ ቢግ ባንግ፣ ማለትም ስለ ዓለም አጀማመር የሚናገረውን የሳይንስ ሐሳብ፣ ከተማርን በኋላ ጥያቄው በዛብኝ። የማከብረውን አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ጠየቅኩት። «አትመራመር፣ መመራመር ያስታል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልጠየቅኩም። እናቴ እሁድ እሁድ «ቅዳሴ ደረስክ? ጸለይክ?» ትለኛለች። «አዎ» እላታለሁ። እየዋሸኋት ነው። እውነቱን ብነግራት ልቧ ይሰበራል። እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ እየዋሸሁ ልኑር?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ያነበብኩት ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ማክሰኞ ሌሊት ነበር። በእኛ ብሎክ ውኃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው። ጀሪካኖቼን ደርድሬ የቧንቧውን ድምፅ እየጠበቅኩ ነበር። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ስጀምር እግሬ ረጠበ። ውኃው መጥቶ፣ ጀሪካኑ ሞልቶ፣ በረንዳው ድረስ ፈስሷል። አልሰማሁትም።

ከደብዳቤህ ውስጥ ልቤን የያዘው ቢግ ባንጉ አይደለም። «አዎ እላታለሁ» የምትለው ነገር ናት። ይህችን ቃል ከፈታናት ሌላው ሁሉ ይቀላል።

እስቲ ቀላሉን ላስቀድም። ያስጨነቀህን ቢግ ባንግ መጀመሪያ ካሰቡት ሰዎች አንዱ ቄስ ነው። ዦርዥ ለሜትር ይባላል፤ የቤልጂየም ሰው፣ የካቶሊክ ካህን። እ.ኤ.አ. በ1927 ዓለም እየሰፋች መሆኑን በሒሳብ አሳየ። በ1931 ደግሞ ወደ ኋላ ብንሄድ ሁሉም ነገር ከአንድ ጅምር ይነሣል የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በ1951 የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ይህን ሳይንስ ከፍጥረት ጋር አያይዘው በአደባባይ ተናገሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይኮራ ነበር። ለሜትር ግን ደስ አላለውም። ሒሳቡ በሒሳብነቱ እንዲመዘን ነበር የሚፈልገው። እኔ ይህን ሰው የምወደው ለዚህ ነው። ለእምነቱ የሚጠቅም የመሰለውን ማስረጃ እንኳ አላጋነነም። ክህነቱንም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወም።

ስለዚህ ትምህርትህን ተማር። በደንብ ተማር። ፈተናህንም ድፈን።

«መመራመር ያስታል» ላለህ መምህር አትቀየመው። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚል ሰው ፈርቶ ነው። ልጁ ከእጄ ያመልጣል ብሎ ይደነግጣል። አባባሉ ግን ትክክል አይደለም። ጌታ ትልቋን ትእዛዝ ሲናገር «በፍጹም ልብህ በፍጹም ነፍስህ በፍጹም አሳብህም» ነው ያለው። አሳብህን በር ላይ ትተህ ግባ አላለም። በሐዋርያት ሥራ ላይ የምናውቀው የእኛው ጃንደረባስ? ሠረገላ ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ነው የተገኘው። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» አለው። «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ መለሰ። ቀጥሎም ጠየቀ፦ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? ወደ ጥምቀቱ ውኃ የወረደው ከዚያ ጥያቄ በኋላ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ቤትም ቢሆን በጥያቄ ነው የቆመው። የአንድምታ ትርጓሜ ሲነገር ሰምተህ ታውቃለህ? መምህሩ አንዱን ጥቅስ ይፈታና «አንድም» ይላል። ሌላ ትርጉም ያመጣል። ደግሞ «አንድም» ይላል። ሁለቱም ሦስቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ ሌላውን አያባርርም።

አሁን ስለ አባቴ ልንገርህ። ይህን በዚህ ዓምድ ላይ ጽፌው አላውቅም።

አባቴ ጎጃም ውስጥ መሪጌታ ነበር። ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ሒሳብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሰሌን ላይ ሽምብራ ይዘረግፍና ባሕረ ሐሳብ ያስቆጥረኛል። አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ መቼ እንደሚውሉ የሚወጣበት ስሌት ነው። አንተ የፊዚክስ ተማሪ ስለሆንክ እስቲ የ2018ን አብረን እናውጣ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዘመን እንቆጥራለን። 2018ን ስትደምርበት 7518 ይሆናል። ለ19 አካፍለው፤ 395 ደርሶ 13 ይተርፋል። ከ13ቱ አንዱን ለዘመኑ ትተዋለህ። 12 ቀረ። ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዛው፤ 132። ሠላሳ ሠላሳውን ጣል፤ 12 ቀረ። አበቅቴ ነው። ወንበሩን ደግሞ በ19 አባዛው፤ 228። ሠላሳ ሠላሳውን ጣል፤ 18 ቀረ። መጥቅዕ ነው። 12 እና 18 ስትደምር 30። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ 30 ነው የሚሞሉት። ካልሞሉ ተሳስተሃል ማለት ነው፤ እንደገና ትቆጥራለህ። ከመጥቅዑ ተነሥተህ፣ በሌላ ትንሽ ስሌት፣ ጾመ ነነዌን ታገኛለህ፤ ጥር 25። ከእሱ 69 ቀን ስትቆጥር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ላይ ያርፋል።

አባቴ ልክ ካልመጣልኝ አይቆጣም። «ሽምብራው አይዋሽም፣ መልሰሽ ቁጠሪ» ይለኛል። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ገብቼ ሞዱላር አሪትሜቲክ፣ ማለትም በቀሪ ቁጥር የሚሠራውን ሒሳብ፣ ስማር ሳቄ መጣ። የአባቴ ሽምብራ ነው። 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሚሆኑ ድምሩ ከ30 እንደማይወጣ ያኔ በወረቀት አረጋገጥኩ። በልጅነቴ በእጄ የቆጠርኩትን ነው ያረጋገጥኩት። ታዲያ እምነትና ሒሳብ ጠላቶች ናቸው ሲሉኝ እንዴት ልመን? ቤታችን ውስጥ አንድ ሰሌን ላይ ነበሩ።

ግን እኔም ጠፍቻለሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዘመኑን ታላላቆችህ ይነግሩሃል። ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እየተባልን የምንማርበት ጊዜ ነበር። እሱ ብቻ ቢሆን እቋቋመው ነበር። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ በወባ ሞተ። 14 ዓመቱ ነበር። ለማርያም ስለት ተስዬለት ነበር። ለቅሶ ላይ አንድ ሰው «ኃጢአት ቢኖር ነው» ሲል ሰማሁ። ያን ቀን ከውስጤ አንድ ነገር ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ እኔም እንደ አንተ ዋሸሁ። ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ጾሜ እንደመጣሁ አወራለሁ። አልጾምኩም። ስግደቱንም እሰግዳለሁ። ሌሊት ከቅዳሴ መጥተን፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ሁሉም ሲተኛ አባቴ ኩራዙን አጠገቤ አስቀምጦ ቁጭ አለ። ቀስ ብሎ «ልጄ፣ ዛሬ መስቀሉን የተሳለመው ከንፈርሽ ብቻ ነው» አለኝ።

አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ስለቱን፣ ዝም መባሌን፣ አለመጾሜን፣ ሁሉንም። እስኪነጋ ይገስጸኛል ብዬ ጠበቅኩ። ረጅም ሰዓት ዝም አለ። ከዚያ ያለኝን ዛሬም እሰማዋለሁ። «እኔም ልጄን ነው የቀበርኩት። እኔም እጠይቀዋለሁ። አንቺም እዚያ ሆነሽ ጠይቂ። መልስ ካገኘሽ ለእኔም ጻፊልኝ።»

አየህ? እኔ ይሰበራል ብዬ የፈራሁት ሰው ራሱ ጥያቄ ይዞ ሌሊት ሌሊት ሲቆም ኖሯል። አብረን መጠየቅ እየቻልን የአንድ ቤት ሰዎች ሆነን ሁለት ዓመት ለየብቻችን አለቀስን። ይህን ያደረገው ውሸቴ ነው። ጥርጣሬዬ ከአባቴ አልለየኝም።

የተመለስኩበትን ቀን ንገሪኝ ብትለኝ ቀን የለኝም። ዓመታት ፈጅቷል። ብቻ አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ በልቤ «ለምን ወሰድከው?» እያልኩ ስጨቃጨቅ ራሴን አገኘሁት። ከሌለ ሰው ጋር አይጣሉም። መዝሙረ ዳዊትን ገልጠህ እይ፤ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። ይህ የከሃዲ ቃል ሳይሆን በማኅሌት የምንለው ጸሎት ነው።

አሁን ስለ ቶማስ ላንሣ። ሰዎች «ተጠራጣሪው ቶማስ» እያሉ ያሳንሱታል። እኔ ግን በየዓመቱ በዳግም ትንሣኤ ወንጌሉ ሲነበብ ጆሮዬን የምጥለው ለአንዲት ቃል ነው። ሌሎቹ ደቀ መዛሙርት ጌታን አይተናል ብለውታል። እሱ ደግሞ የችንካሩን ምልክት ካላየሁ አላምንም ብሏል። ከዚያስ? «ከስምንት ቀንም በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ደግመው በውስጥ ነበሩ፥ ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ።»

ከእነርሱ ጋር ነበረ! ስምንት ቀን ሙሉ። እነሱ በደስታ ሰክረዋል፤ እሱ አላመነም። አብሯቸው ይበላል፣ አብሯቸው በር ዘግቶ ይቀመጣል። አልዋሻቸውም። «እሺ፣ እኔም አምኛለሁ» ብሎ ሰላም አልገዛም። እነሱም ውጣ አላሉትም። ጌታም ሲመጣ ቶማስ በራሱ አፍ የተናገረውን ነው የመለሰለት፦ ጣትህን ወደዚህ አምጣ። ያኔ «ጌታዬ አምላኬም» አለ።

ጲላጦስም እኮ ጠይቋል። «እውነት ምንድር ነው?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ውጭ ወጣ። እውነት ፊቱ ቆሞ ሳለ ጥሎት ወጣ። ቶማስ ስምንት ቀን ጠበቀ። ልጄ፣ የጥያቄህ መጠን አያስፈራኝም። ጠይቀህ እንዳትወጣ ነው የምለምንህ።

ደግሞም ለእኛ ለክርስቲያኖች እውነት ሰው ሆኖ የመጣ ነው። «እኔ መንገድና እውነት ሕይወትም ነኝ» ያለ። ሰውን ደግሞ በቀመር ብቻ አታውቀውም። እናትህ እንደምትወድህ በምን አወቅክ? ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ ምጣድ ስታሰማ ታውቃለህ። መብራት ሲጠፋ እንጨት ተሸክማ ወደ ጋራ ማብሰያው፣ ወደ ኮሚናል፣ ስትወርድ አይተሃል። ማስረጃ አለህ፤ ብዙ ማስረጃ። ግን አብሯት ያልኖረ ሰው አያየውም። መንገድ ላይ እንጀራ የሚገዛት ሰው «የምትጋግረው ለገንዘብ ነው» ቢል በእሱ በኩል ያየውን ነው የተናገረው። አንተ ግን ታውቃለህ። አእምሮህ እዚህ ውስጥ ሥራ አልፈታም። ፍቅር ያሳየውን ነው የሚመዝነው። እኔ 31 ዓመት የሒሳብ ማረጋገጫ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። እግዚአብሔር መኖሩን እንደዚያ ጽፌ «ተረጋገጠ» ልልህ አልችልም። ማረጋገጫ ምን እንደሆነ ስለማውቅ አልልህም። አብሮ በመኖር የሚታወቅ ነገር ግን እንዳለ አንተም በእናትህ ታውቀዋለህ።

ስለዚህ ንገራት። እንዲህ አድርግ። እሁድ ቀን አይሁን። ከቅዳሴ ስትመለስ ደስ ብሏት ስለሆነ ትደነግጣለች። የማትጋግርበት ቀን ምረጥ። ቡናውን አንተ አፍላላት። «እማ፣ ክጃለሁ» አትበላት፤ አልካድክምና። ያለውን ብቻ ንገራት። «እማ፣ ጸሎት ከብዶኛል። ጥያቄ በዝቶብኛል። ጸልያለሁ እያልኩ ዋሽቼሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።» ታለቅስ ይሆናል። አቅፋት። ወደ ጸበል እንሂድ ካለች አብረሃት ሂድ። ለእሷ ስትል መሄድ ማስመሰል አይደለም፤ ነግረሃታልና።

ጸሎት ላይ ደግሞ የማታምነውን ረጅም ቃል አትደርድር። በማርቆስ ወንጌል ልጁ የታመመበት አባት የጮኸው አጭር ነው፦ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።» ይህችን እንኳ ማለት ካቃተህ ቆመህ ዝም በል። ግድግዳ ከመሰለህ ግድግዳ መስሎኛል በለው። ጥያቄህን ደግሞ ደብተር ላይ ጻፈውና የትርጓሜ መምህር ያለበት ቦታ ይዘኸው ሂድ። የመጀመሪያው ካልመለሰልህ ሁለተኛው ጋ ሂድ። ከበሮውንም አትተው። እጅህ ልብህ የረሳውን ያስታውሳል። መልስ ካገኘህ ለእኔም ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ከየካ አባዶ ነው የምጽፈው። እኔና እህቴ ኦርቶዶክስ ሆነን ነው ያደግነው። እሷ ከሁለት ዓመት በፊት ፕሮቴስታንት ሆነች። የእናታችን ሙት ዓመት ላይ በዘመድ ፊት «ተዝካር መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም» አለች። ተጯጯኽን። 7 ወር ሆነን፣ አንነጋገርም። ልጆቻችን ግን አንድ ትምህርት ቤት ናቸው፤ በር ላይ ስንገናኝ ፊት እንዞራለን። ብታረቃት ደስ ይለኛል። ግን እውነትን መሸጥ አይሆንብኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ አይሆንብሽም። ይህን በደንብ አስቤበት ነው የምልሽ።

እኔ ደረጃዬ ላይ፣ በር ለበር የምትኖር ጎረቤት አለችኝ። ፕሮቴስታንት ናት፤ ነርስ ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት ሐምሌ ላይ እዚህ ሰፈር ጭቃ ላይ ተንሸራትቼ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ሊፍት የለንም። አራት ፎቅ ውኃ ያመላለሰችልኝ እሷ ናት። ከሌሊት ሥራ ገብታ፣ ሳትተኛ። ነሐሴ ሲገባ የፍልሰታን ጾም እንደምጾም ስለምታውቅ ድስቱን ለይታ በዘይት ምስር ትሠራልኝ ነበር። እሷ በፍልሰታ ላይ ያላት ሐሳብ ሌላ ነው። ድስቱን ግን ለየችው።

ተከራክረናል? በደንብ አድርገን! አንድ ማታ ስለ ቅዱሳን ምልጃ ጀምረን እስከ 5 ሰዓት አልጨረስንም። አልተስማማንም። ዛሬም አልተስማማንም። እኔ ከምልጃው አልወረድኩም፤ እሷም ከሐሳቧ አልወረደችም። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ከእኔ የበለጠ ታነባለች። በእሷ ፊት ላለማፈር ስል እኔም ማንበብ አብዝቻለሁ።

ቅዱስ ጳውሎስ «እውነትን በፍቅር እየያዝን» ይላል። ምሥጢርን ሁሉና እውቀትን ሁሉ ባውቅ፣ ፍቅር ግን ከሌለኝ ከንቱ ነኝ ይላል። «ትንሽ ይጎድለኛል» አላለም። ስለ ተዝካር ያለሽ እምነት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ እኔም የእኔው ነው። ግን ስለ ትክክለኛ ነገር በጥላቻ ስትከራከሪ እጅሽ ላይ ይበላሻል። ሙት ዓመቱ ለእናታችሁ ነበር። እናታችሁ በዚያ ጩኸት ላይ ብትኖር የትኛችሁን ትደግፍ ነበር? ሁለታችሁንም እጅ ለእጅ ነበር የምታያይዛችሁ።

እሷም አጥፍታለች፤ በዘመድ ፊት፣ በለቅሶ ቀን የሚነገር አልነበረም። ይህን አልክድም። ቢሆንም ቀድመሽ አንቺ ሂጂ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አይሁን፤ ልጆቹ ያያሉ፤ እሷም ሰው ፊት ትጠነክራለች። ቤቷ ሂጂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ። «ስለ ሃይማኖት ልናወራ አልመጣሁም፤ ናፍቀሽኝ ነው» በያት። ክርክሩ ሌላ ቀን ይደርሳል። ልጆች ባሉበት ግን ሁለታችሁም እንዳትከራከሩ ቃል ተገባቡ። አንዱ የሌላውን በልጆች ፊት አያጣጥል። ልጆቹ እናቶቻቸው ሲጠላሉ እያዩ ስለ ክርስቶስ ቢሰሙ ምን ይገባቸዋል?

ጥያቄ፦ ከቃሊቲ ነኝ፤ ሲኖትራክ ነው የምነዳው። የ9 ዓመት ልጄ «እግዚአብሔርን ማን ፈጠረው?» አለችኝ። ደክሞኝ ነበር፤ «እንዲህ አይባልም!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ወዲህ ስለ እግዚአብሔር አትጠይቀኝም። መልሱንም አላውቀውም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅህ የጠየቀችህን ትልልቅ ፈላስፎች ጠይቀውታል። አእምሮዋ ብሩህ ስለሆነ አመስግን።

እንዲህ ብለህ ሞክር። ቤታችሁ ኤክስቴንሽን አለ አይደል? ቴሌቪዥኑ መብራት የሚያገኘው ከኤክስቴንሽኑ ነው። ኤክስቴንሽኑ ከሌላ ኤክስቴንሽን ቢሰካ እሱም ከሌላ ይቀበላል። መቶ ኤክስቴንሽን ብትደረድሩ፣ የመጨረሻው የትም ካልተሰካ ቴሌቪዥኑ አይበራም። ከማንም የማይቀበል፣ ከራሱ ያለው አንድ ምንጭ መኖር አለበት። እኛ እግዚአብሔር የምንለው እሱን ነው። የተፈጠረ ነገር ሁሉ ፈጣሪ ይፈልጋል፤ እሱ ግን አልተፈጠረም። ይህ ምሳሌ ነው እንጂ ሙሉ መልስ አይደለም። «ታዲያ እሱ እንዴት ከራሱ ኖረ?» ብላ ከጠየቀች «እኔም አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» በላት። ይህን ስትላት አትቀንስባትም።

ከምሳሌው በፊት ግን ይቅርታ ጠይቃት። «ያን ቀን ደክሞኝ ነው የጮህኩብሽ፤ ጥያቄሽ ጥሩ ነበር» በላት። ዛሬ አሸዋውን ቶሎ አራግፈህ ሳትተኛ ድረስባት።